አሥራ ሁለት ዜሮ እና አንዲት አንድ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሁለት እኩል የሆኑ ቁጥሮች እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም? አትሳቁ! እኔም ስቄ ነበር። ሳቄን ሳልጨርስ ነው ጉዱ የመጣው። በዚህች ጥያቄ የተነሳ አንድ ክረምት ሙሉ ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ የምሄደው በዋናው መንገድ ሳይሆን በጓሮ በጓሮ ሆነ። የማውቀው ወላጅ ከሩቅ ብቅ ሲል ዘው ብዬ ሱቅ እገባና የማልፈልገውን ክብሪት እገዛለሁ። ሲጋራ አላጨስም። ቤቴ ውስጥ የተከመረው ክብሪት ግን ሰፈሩን በሙሉ ያቃጥል ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ! የሰው አፍ በምን ይዘጋል? እኔ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ያን ጊዜ ኮምፒዩተር እንደ ዛሬው ማንም እየመጣ የሚነካካው ዕቃ አልነበረም። የራሱ ክፍል፣ የራሱ ምንጣፍ፣ የራሱ መጋረጃ ነበረው። ሲያድር በዳንቴል ይሸፈናል። ክፍሉ የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ጫማ ሲወልቅ አውቃለሁ፤ ለኮምፒዩተር የሚወልቅበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ በቅጡ ያስረዳኝ የለም። «አቧራ እንዳይገባበት ነው» ይላሉ። ለመሆኑ ካልሲዬን አይታችሁታል? ጫማዬ ከካልሲዬ በብዙ እጥፍ ንጹሕ ነበር። አውራ ጣቴም በየዕለቱ በቀዳዳው ብቅ ብላ ሥራዬን ትቆጣጠር ነበር።

በሃያ ሁለትና በቦሌ መካከል ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ፋንታሁን ይባላል፣ አብሮ አደጌ ነው። አንድ ቀን ማኪያቶ ጋበዘኝ። ፋንታሁን በነፃ አይጋብዝም፤ እኔ ግን በሬ ሆይ እንደተባለው ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየሁም።

«ስማ» አለኝ። «ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ደረጃ በኮምፒዩተር ማውጣት ጀምረዋል። እኛስ ከማን እናንሳለን? ማሽኑን ገዝቻለሁ፤ የሚነዳው ሰው ነው ያጣሁት። አንተ ደግሞ ተምረሃል።»

ስድስት ወር የፕሮግራም ትምህርት ተምሬያለሁ። ስድስት ወር የተማረ ሰው ከስድስት ዓመት ተማሪ ይልቅ አደገኛ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም። «በሦስት ቀን እጨርስልሃለሁ!» አልኩት። ሦስት ቀን ማን አለኝ? ማንም! ራሴ ነኝ ያመጣኋት።

የአገራችንን ጠባይ ታውቁታላችሁ። ልጅ «ምን ተማርክ?» ተብሎ አይጠየቅም። «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። አጎት ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ የማታውቀው ሰው ይጠይቃል። ደረጃ አወጣጡም ሕግ አለው። እኩል ነጥብ ያመጡ ልጆች እኩል ደረጃ ይወስዳሉ። ሁለት አንደኛ ካለ ሁለተኛ አይኖርም፤ ቀጣዩ ሦስተኛ ነው። ይህን የክፍል አስተማሪዎች በእርሳስና በላጲስ ሲያደርጉት ኖረዋል። እኔም ፕሮግራሜ ውስጥ በአንዲት መስመር ጻፍኩት፦ የዚህ ልጅ አማካይ ከላይኛው ልጅ አማካይ ጋር እኩል ከሆነ፣ ያንኑ ደረጃ ስጠው። ምኗ ያስቸግራል? የአንደኛ ክፍል ልጅ ይገባዋል። ኮምፒዩተሩ ግን አንደኛ ክፍል አልገባም ለካ!

ነገሩ የጠናው በሰባተኛ ክፍል ነው። ፋንታሁን ቢሮ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተለበጠ ማስታወቂያ አለ፤ ከሰባተኛ ክፍል በዓመቱ አማካይ አንደኛ የወጣ ስምንተኛን በነፃ ይማራል ይላል። ለዚያ ወንበር የሚፎካከሩ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሐያትና ሳምራዊት። ፎካካሪ ብላቸውም ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ ቆሎ እየተካፈሉ የሚያጠኑ ጓደኛሞች ናቸው።

የሳምራዊት አባት አቶ ሙሉጌታ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የክፍል ኃላፊ ናቸው። ቦርሳቸውን ሳይዙ ታይተው አይታወቁም። የሐያት አባት አቶ ይማም የወሎ ሰው ሲሆን ከሃያ ሁለት መገናኛ ውይይት ታክሲ ይነዳል። በዚያ ዓመት የመኪናው ሞተር ወርዶ ሁለት ወር ጋራዥ ከርሟል። ስለዚህ ልጁን አስቀምጦ እቅጩን ነግሯታል፦ «ነፃውን ካገኘሽ አልሐምዱሊላህ፣ ትቀጥያለሽ። ካላገኘሽ ከመስከረም ጀምሮ ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ አባትሽ አቅሙ ይኸው ነው።» ልጅቷ ዓይኗ እስኪያብጥ አጠናች። ይህን አላውቅም ነበር ብል ዋሸሁ፤ ፋንታሁን ነግሮኝ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ማተሚያው ግርርር እያለ ስም ዝርዝሩን ተፋው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ሮጬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ይማም የኮምፒዩተሩ ክፍል በር ላይ ቆመ። ዝናብ ስለነበር ጭቃውን ጠረገና ጫማውን አውልቆ ገባ። ዝርዝሩን ከሰሌዳው ነቅሎ ይዞታል።

«ወንድሜ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም» አለኝ በትሕትና። «ይቺ የሳምራዊት ነጥብ ስንት ነው የምትለው?»

«ዘጠና አንድ ነጥብ ሦስት።»

«ይቺ የኔዋ የሐያትስ?»

«ዘጠና አንድ ነጥብ ሦስት።»

«ይቺኛዋ አንደኛ፣ ይቺኛዋ ሁለተኛ?»

አየሁት። ዓይኔን አሸት አድርጌ ደግሜ አየሁት። እውነትም ነው! ነጥቡ እኩል፣ ደረጃው ልዩ። በዚያች ደቂቃ «ተሳስቻለሁ፣ ላስተካክል» ብል ኖሮ ይህ ሁሉ መከራ ባልመጣ። እኔ ግን ስድስት ወር የተማርኩ ሰው ነኝ! ደረቴን ነፋሁና «አቶ ይማም፣ ኮምፒዩተር አይሳሳትም» አልኩት።

«ኮምፒዩተሩስ አይሳሳት» አለ ረጋ ብሎ። «አንተስ?»

ቆሽቴ አረረ። ሰውየውን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና ማሽኑን አፋጠጥኩት። አማካዩን ከነጥብ በኋላ አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ዘርግተህ አሳየኝ አልኩት። ዘረጋው። የሐያት ዘጠና አንድ ነጥብ ሦስት ብቻ። የሳምራዊት ዘጠና አንድ ነጥብ ሦስት፣ ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ… አሥራ ሁለት ዜሮ፣ በስተመጨረሻ አንዲት አንድ። አንዲት አንድ! ከአሥራ ሁለት ዜሮ ጀርባ ተደብቃ፣ ማንም ሳያያት፣ የሰው ልጅ ወንበር የምትነጥቅ!

ጸጸት ይሰማው ይሆናል ብላችሁ ከጠበቃችሁኝ አታውቁኝም። በደስታ ዘለልኩ። «ይኸው! ልዩነት አለ! ኮምፒዩተሩ ልክ ነበር!» እያልኩ ወረቀቱን ይዤ ፋንታሁን ቢሮ ገባሁ። እሱም ሁለቱን አባቶች አስጠራ።

ፋንታሁን ዜሮዎቹን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ ቆጠረ፤ አንዴ አሥራ አንድ፣ አንዴ አሥራ ሦስት መጣለት። አቶ ሙሉጌታ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እንግዲህ ብልጫ ብልጫ ነው» አሉ። «በሩጫስ ቢሆን በደረት ቀድመው ወርቅ የሚወስዱ አሉ አይደል? ዘመናዊ መሣሪያ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።»

አቶ ይማም ግን ወረቀቱን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። «ወላሂ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ። «ይቺን አንድ የትኛው መምህር ነው የሰጣት? በየትኛው ፈተና? ጥያቄው ምን ነበር?»

እውነቱን ነው! ያቺን አንድ የሰጠ መምህር የለም። ያቺን አንድ ያጠናት ልጅ የለችም። ያቺ አንድ ከየት መጣች? «አ… አጣርቼ እነግርሃለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሻንጣ ውስጥ የጣልኩትን የትምህርት መጽሐፌን አውጥቼ ፈተሽኩ። ያገኘሁት ነገር ደሜን አፈላው። እናንተም ስሙና ተቃጠሉ። እኛ አንድ ሦስተኛን በነጥብ ጻፉ ብንባል ዜሮ ነጥብ ሦስት ሦስት ሦስት እያልን ወረቀቱ ያልቅብናል እንጂ አንጨርሰውም አይደል? ኮምፒዩተሩ ደግሞ የሚቆጥረው በዜሮና በአንድ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ በቀላሉ የምንጽፋትን አንድ አሥረኛን መጻፍ አይችልም። አይችልም! ጻፍ ሲሉት ይጀምራል፣ አያልቅለትም፣ ሲደክመው ጫፏን ቆርጦ ይተዋታል። ዜሮ ነጥብ አንድ ስትሉት ዜሮ ነጥብ አንድ አካባቢ ያለ ነገር ይይዛል። ከዚያ አሥራ አንድ ትምህርት ሲደምር ቁርጥራጮቹ ይጠራቀሙና ለአንዷ ልጅ ይተርፋል፣ ለሌላዋ ይጎድላል። እና ይህን የሚያህል ማሽን፣ ጫማ አውልቀን የምንገባለት፣ ዳንቴል የምናለብሰው፣ አንድ አሥረኛን አያውቅም! ገበያ ያለች የሽንኩርት ነጋዴ ታውቃለች እኮ!

መጽሐፉ መድኃኒቱንም ጽፏል፦ ነጥብ ያላቸውን ሁለት ቁጥሮች «እኩል ናችሁ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። «ልዩነታችሁ ከአንዲት በጣም ትንሽ ቁጥር ያንሳል ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ ካነሰ እኩል ናቸው በል። ጥሩ። በጣም ትንሽ ቁጥር ማለት ስንት ነው? አይልም! «እንደ ሥራው ሁኔታ ይመረጣል» ብሎ ያልፋል። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ጻፍ ብባል እኔም እጽፋለሁ። ለሥራው ሁኔታ ማን አማከረኝ? ካርድ የሚሰጠው በማግስቱ ነው፣ መብራት አንዴ ሄዶ መጥቷል፣ ደግሞም ሊሄድ ያንገራግራል። ትንሽ ቁጥር አሰብኩ። ከመቶ ውስጥ አንድ ነጥብ ምን አላት? ምንም የላትም! ለጋስ ሰው ነኝ፤ አንድ ነጥብ ብዬ ጻፍኩ። እያንዳንዱን ልጅ ከበላዩ ካለው ልጅ ጋር አስተያይ፣ ልዩነቱ ከአንድ ነጥብ ካነሰ ያንኑ ደረጃ ስጠው።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለውን እናቴ ስንት ጊዜ ነግራኛለች!

የሁለቱ ልጆች ካርድ ከላይ ወጣ፤ ሐያት አንደኛ፣ ሳምራዊት አንደኛ። ለፋንታሁን አሳየሁት። «ጎበዝ!» አለኝና የቀሩትን ሃምሳ ስምንት ካርዶች አንገቱን ሳያቀና ፈረመ። ማኅተም ተመታባቸው፣ በፖስታ ታሸጉ፣ ለልጆቹ ታደሉ። እኔም ቤቴ ገብቼ የሠራተኛ እንቅልፍ ተኛሁ።

በነጋታው ከትምህርት ቤቱ ግቢ የሚሰማው ጫጫታ ከሚያርፈው አውሮፕላን ይበልጥ ነበር። ምን ሆኖ መሰላችሁ? ሐያትና ሳምራዊት ዘጠና አንድ ነጥብ ሦስት አላቸው። ከእነሱ በታች ያለው ልጅ ዘጠና ነጥብ ስምንት፤ ልዩነቱ ከአንድ ያንሳል፣ እሱም አንደኛ! ከእሱ በታች ያለችው ዘጠና፤ ልዩነቱ ከአንድ ያንሳል፣ እሷም አንደኛ! እንዲህ እየተጎታተቱ፣ አንዱ የአንዱን ጫፍ ይዞ፣ ሃምሳ ስድስት ነጥብ ያመጣው ልጅ ድረስ ወረዱ። ከስልሳ ተማሪዎች አርባ ሰባቱ አንደኛ ወጡ! ያ ሃምሳ ስድስት ያመጣው ልጅ በሕይወቱ ሙሉ አርባኛን አልፎ አያውቅም። አባቱ ካርዱን አይተው አልቅሰው፣ ዘመድ ጠርተው በግ አርደዋል። እኔንም ለማመስገን የበጉን ቆዳ ካልወሰድክ ብለው በር ላይ ቆመው ነበር።

ከሁሉ ያቃጠለችኝ ግን የአርባ ስምንተኛዋ ልጅ እናት ናት። ከበላይዋ ካለው ልጅ በአንድ ነጥብ ሁለት ስለምታንስ ሰንሰለቱ እሷ ላይ ተበጠሰ። እናትየው ነጠላዋን መስቀልኛ አጣፍታ መጣችና «አርባ ሰባት ልጅ አንደኛ ሲወጣ የኔ ልጅ ምን በድላ ነው?» ብላ ቀወጠችው። የተናገረችው ውሸት የለበትም።

የቀሩት ወላጆች ደግሞ መስታወት የተለበጠውን ማስታወቂያ እያሳዩ አርባ ሰባት የነፃ ወንበር ጠየቁ። ፋንታሁን ቢሮው ውስጥ ወንበር ተደግፎ ውኃ ጠጣ። እኔን ሲያይ «አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አለኝ። ማኪያቶ ጋብዘኸኝ ነው፣ ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ካርዶቹ በሙሉ ይመለሱ ተባለ፤ ተሰብስበው እስኪያልቁ ሳምንቱ ሞላ። ሁለቱ አባቶች ተጠሩ። ከወደ ጥግ ደግሞ ጋሽ ተካልኝ ተቀምጠው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ካፖርታቸውን በክረምትም በበጋም የማያወልቁ ሽማግሌ መምህር ናቸው። እኔ የሁለት ቁጥሮችን መቀራረብ፣ የዜሮና የአንድን ቆጠራ፣ የቁርጥራጩን ነገር ላብ በላብ ሆኜ ሳስረዳ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ» አሉኝ። «መምህራኑ ከነጥብ በኋላ ስንት ቤት ድረስ ነው ማርክ የሚሰጡት?»

«አንድ ቤት ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ሁሉንም በአሥር አባዛዋ! ሰማንያ ሰባት ነጥብ አራት፣ ስምንት መቶ ሰባ አራት ትሁን። ነጥብ የሚባል ነገር ከግቢው ይውጣ። ከዚያ ድምሩን ከድምሩ አስተያይ። ማካፈሉንስ ማን አዘዘህ?»

አንድ ሳምንት ሙሉ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ በግ… በአሥር አባዛ ነው መልሱ!

«ታዲያ ጋሼ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?» አልኳቸው፣ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ።

«መጥቼ ነበር እኮ። ጫማ ያውልቁ አልከኝ። እኔ ደግሞ ጉልበቴ አይታጠፍም፤ ተመለስኩ።»

ተነስተው ጠመኔ አነሱና የሁለቱን ልጆች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ማርክ ሰሌዳው ላይ ደመሩ። የሐያት አሥር ሺህ አርባ ሦስት። የሳምራዊት አሥር ሺህ አርባ ሦስት። ጥርት ያለ፣ ጭራ የሌለው፣ እኩል የሆነ እኩል። አቶ ይማም ዓይኖቹን ጨፍኖ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔም እፎይ አልኩ። አበቃ ብዬ ነበር።

ፋንታሁን ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «መልካም። ግን ያለኝ የነፃ ወንበር አንድ ነው። ቦርዱ የፈቀደልኝ ለአንድ ልጅ ነው። ስለዚህ…» ብሎ መሳቢያውን ከፍቶ የመጀመሪያውን ዝርዝር፣ ያንን የተረገመ ዝርዝር አወጣ። «ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ያለውን እንቀበልና እንገላገል። ሳምራዊትን ነው ያስቀደመው።»

እሳት ጎረስኩ። አሁን እንግዲህ ፍረዱ! ስህተት ነው ብዬ፣ ከየት እንደመጣ አስረድቼ፣ ተዋርጄ፣ በአንድ ሰፈር ሰው ተሰድቤ ከጨረስኩ በኋላ፣ ስህተቱን እንደ ዳኛ ወንበር ላይ ሊያስቀምጡት!

«ና ተከተለኝ!» አልኩት ፋንታሁንን። ሁሉንም እየጎተትኩ ኮምፒዩተሩ ክፍል አስገባኋቸው። ጫማ ያወለቀ የለም፤ እኔም ከነጭቃዬ ገባሁ። ማሽኑን ከፈትኩና አሥራ አንዱን ትምህርት ከአማርኛ ጀምሮ እንዲደምር አዘዝኩት። ሳምራዊት አንደኛ። ከዚያ ከመጨረሻው ከስፖርት ጀምሮ ወደ ላይ እንዲደምር አዘዝኩት። ያቺ አንድ ወደ ሌላኛዋ ተሻገረች። ሐያት አንደኛ!

«አየህ?» አልኩት። «ልጆቹ አንድ ማርክ አልጨመሩም፣ አንድ ማርክ አልቀነሱም። እኔ ነኝ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ያልኩት። በዚህ ነው የሰው ልጅ የምትሸኘው?»

ፋንታሁን ስክሪኑን አየ፣ አሰበ፣ ደግሞ አሰበ። «ታዲያ» አለ፣ «ትክክለኛው ከላይ ነው ከታች?»

ራሴን ከግድግዳው ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝም።

አቶ ሙሉጌታ ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ቅን ሰው መሆናቸውን ልመስክር። «ተዉ፣ አንጨቃጨቅ» አሉ። «እኔ ክፍያው ብዙም አይከብደኝም። የነፃው ወንበር ለሐያት ይሁን። ካርዱ ላይ ግን አንደኛነቱ ለሳምራዊት ይጻፍ። ለዘመድ አዝማዱ ነግሬያለሁ።»

ጥሩ መላ መሰለኝ። ፋንታሁንም ፊቱ በራ። አቶ ይማም ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ አላህ ያክብርዎት፤ ከልብዎ እንደሆነ አውቃለሁ» አለ። «ግን ምጽዋት ፈልጌ አልመጣሁም። ልጄ አንደኛ ከሆነች አንደኛ ናት ይባል፣ በሐቋ ትማር። ካልሆነች ይቅር፤ ሌላም ትምህርት ቤት ሰው ያወጣል። ሁለተኛ ናት እያላችሁ የአንደኛን ወንበር አትስጧት። ቤት ገብቼ ምን እላታለሁ?» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጋሽ ተካልኝ የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ።

«አቶ ፋንታሁን፣ ከመስከረም ፕሮግራም ላይ ስሜን ሰርዙት» አሉ።

«ምነው ጋሼ? ምን አጠፋን?»

«መስከረም ላይ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ የእኩል ምልክት መጻፌ አይቀርም። ልጆቹ ያቺን ምልክት ዓይተው ሐያትን ነው የሚያስታውሱት። እኩል ሆና ሳለ አንሳለች በተባለችበት ቤት ያቺን ምልክት መጻፍ አልችልም። ሠላሳ ዓመት አልዋሸሁም፤ አሁን በእርጅናዬ አልጀምርም።» ብለው ወደ በሩ አመሩ።

ፋንታሁን ነፍሱ ወጣች። በስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ትምህርት ቤቱን በሒሳብ ያስጠሩት ማን ሆነና! ሮጦ በሩ ላይ ቆመባቸው። «ይቀመጡ ጋሼ፣ በእመቤቴ ይቀመጡ! ሁለቱም አንደኛ ናቸው። ሁለቱም በነፃ ይማራሉ። ቦርዱን እኔ እለምናለሁ፣ ባይሆን እግሩ ላይ እወድቃለሁ!» ብሎ እዚያው በእጁ ሁለት ካርድ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። አቶ ሙሉጌታ አቶ ይማምን ጨበጡት። አቶ ይማም የጋሽ ተካልኝን ትከሻ ሳመ።

እኔ በድል አድራጊነት ወጣሁ። በውስጤ ለፋንታሁን፣ ለመጽሐፉ ጸሐፊ፣ ለማሽኑ ፋብሪካ የማወርደውን ንግግር እያዘጋጀሁ ነበር። በረንዳው ላይ ሐያትና ሳምራዊት ግድግዳ ተደግፈው፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘው ቆመዋል። ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ እኩል ነን?»

«እኩል ናችሁ!» አልኳት ጮክ ብዬ።

«በግምት ነው በትክክል?»

«በትክክል። አንዲትም ጭራ የላትም። ሁለታችሁም አንደኛ ናችሁ፣ ሁለታችሁም እዚሁ ትማራላችሁ።»

ሳምራዊት እልል ብላ የሐያት አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሐያት ግን ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም።

«ድሮውንም እኩል ከነበርን» አለችኝ፣ «ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ለምን አስለቀሳችሁኝ?»

አንድ አሥረኛ የምትባል ነገር አለች ልላት አፌን ከፈትኩ። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በዜሮና በአንድ ነው ልላት ነበር። መብራት ሄዶ ነበር፣ ፋንታሁን አቻኩሎኝ ነበር፣ መጽሐፉ አልተናገረም ነበር ልላት ነበር። ልጅቷ ትጠብቃለች።

«ተሳስቼ ነው» አልኳት። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ አባቷ ጫማውን አውልቆ ከገባበት ሰዓት አንሥቶ፣ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።